እረፍ እያሉ ሊገድሉኝ ነበር

ስሜ መኳንንት ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ የሚስቅ ይሳቅ። ይህን የምጽፈው ሰው ላጽናና ብዬ አይደለም፤ ማጽናናት አላውቅበትም። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ያመመኝን በሽታ ስሙን የሚነግረኝ አጥቼ ተንከራትቻለሁ። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ እረፍ፣ ተኛ፣ አትነሣ እያለ በደግነቱ ወደ መቃብር ሲሸኘኝ ነበር። አሁንም ጨርሼ አልዳንሁም። የዳንሁ ዕለት እጽፈዋለሁ ካልሁ ግን ላልጽፈው ስለምችል ዛሬ ይሁን።

ሃያ ሁለት ዓመት በቅሎ ጫኝ ነበርሁ። ከደባርቅ ወደ ተራራው የሚወጣውን ጎብኚ እንግዳ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ስንቁን ጭኜ እከተለዋለሁ፤ እንግዳ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ የነጋዴ እህል ከገበያ ገበያ አደርሳለሁ። ጫኝ በቅሎው ላይ አይቀመጥም፤ ከኋላ በእግሩ ነው የሚሄድ። ከጠዋት እስከ ማታ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ብርድ። ማታ እግሬን ዘርግቼ ያን ሥራ የረገምሁትን ያህል ጠላቴንም አልረገምሁ። የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ተቀምጦ መብላት።

ከዚያ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ እንግዳው ጭራሽ ቀረ። አንድ ዓመት ጠበቅሁ። ከዚያ ሁለቱን በቅሎዎቼን ሸጬ ከባለቤቴ ከእናኑ ጋር ጎንደር ገባሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ የሕንጻ ዕቃ መደብር በር ላይ የቀን ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርሁ። ወንበርም ሰጡኝ። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ወንበር ላይ ነኝ። ወሬው አገር ቤት ሲደርስ ለመኳንንት አለፈለት ተባለ። በእኛ ዘንድ አለፈለት የሚባለው የሚቀመጥ ሰው ነው። እኔም ያለፈልኝ መስሎኝ ነበር።

በስድስተኛው ወር ግድም ጀመረኝ። ዶሮ ሳይጮህ ብንን እላለሁ። ደረቴ ላይ የወፍጮ መጅ የጫኑብኝ ይመስለኛል። ልቤ ይደልቃል። ሌባ የለ፣ አውሬ የለ፣ ፍርሃቱ ግን አለ። ሲነጋ ይለቀኛል እላለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ ቀኑ ራሱ ያስፈራኛል። ምግቡ አፌ ውስጥ ገለባ ይሆናል። ሰው ሰላም ሲለኝ መልሱ ከሩቅ አገር ተጠርቶ እንደሚመጣ ነው፤ እስኪደርስ ሰውየው አልፎ ይሄዳል።

ከሁሉ የቆጨኝ ንባቤ ነው። እኔ ማንበብ ከቻልሁ ወዲህ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ሳይቀር የማነብ ሰው ነበርሁ። አሁን አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳለ አላውቅም። ፊደሉን አየዋለሁ፣ አውቀዋለሁም፤ ነገሩ ግን አይያዝልኝም። ስንት ዓመት በጨለማ ኖሬ ያገኘኋት አንዲት ነገር እሷ ነበረች። እሷም ልትሄድ ነው አልሁ።

ሐኪም ቤት ሄድሁ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወሰዱና ታይፎይድ ከታይፈስ ጋር ነው አሉኝ። ጎንደር ውስጥ ታይፎይድ ነህ ያልተባለ ሰው ካለ ይንገረኝ። ዐሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ፤ ቂጤ አበጠ እንጂ ደረቴ አልቀለለም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተው አለኝ። ተውሁ። አልጫ እየበላሁ ያው ነኝ። ሦስተኛው ጋ የልብ ነው ብዬ ሄድሁ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ረጅም ወረቀት አወጡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን እንኳ አዙሮ ሳያይ፣ አባት፣ ልብዎ ከእኔ ልብ ይሻላል፣ ምንም የለብዎትም አለኝ።

ምንም የለብህም መባልን ያልቀመሰ ሰው እንደ ምሥራች ይቆጥረዋል። ለእኔ ፍርድ ነበር። በሽታ ከሌለብኝ እንግዲህ ያለብኝ ስንፍና ነው፣ ወይ እብደት። እናኑ ከዚያ ሁሉ ምርመራ በኋላ ደስ ብሏት እግዜርን አመሰገነች፤ አገር ቤት የቀሯትን ሁለት በጎቿን የሸጠችው ለዚያ ወረቀት ነበር። እኔ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

በዚያ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ስጠብቅ አንድ በጎ ነገር አግኝቻለሁ፤ እሱንም ልጻፈው። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ ፍርሃቱ መጣብኝና ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አጥፋ ከራሴና ከግድግዳው መሀል አደረገችልኝ። ምን ሆንህ አላለችም። የየት አገር ሰው ነህ፣ የማን ዘር ነህ አላለችም። ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን ትታልኝ ገባች፣ ስትወጣም ቀስ ብላ ወስዳው ሄደች። በዚያ ዓመት ካገኘሁት መድኃኒት ሁሉ የሠራልኝ ያ አለመጠየቋ ነው።

ከዚያ ጸበል ተባለ። የቀሐን ወንዝ ተሻግሬ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ አንድ ሰዓት በእግሬ ሄጄ እጠመቃለሁ፤ በእግሬ እመለሳለሁ። አሥራ አራት ቀን እንዲያ አደረግሁ። ተሻለኝ። በእውነት ተሻለኝ። በአሥረኛው ቀን ግድም ስመለስ ቁራሽ ዳቦ ገዝቼ መንገድ ላይ በላሁ። እናኑ አለቀሰች። ዘመድ ሁሉ ጸበሉ ያዘለት አለ።

ይኼኔ ነው ደግነት የገደለኝ። የእናኑ የአጎቷ ልጅ ባጃጅ አለው። በሽተኛ እንዴት በእግሩ ይሄዳል ብሎ ጠዋት ጠዋት ከደጄ ወስዶ ጸበሉ በር ላይ ያወርደኝ፣ ጠብቆም ይመልሰኝ ጀመር። ሸጋ ሰው ነው፤ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ጸበሉ ያው ጸበል፣ ካህኑ ያው ካህን፣ እኔ ግን በሳምንቱ ወደ ነበርሁበት ተመለስሁ። ከዚያም ከነበርሁበት አልፌ ወረድሁ። ምን እንደተቀየረ ያየ የለም። እኔም አላየሁም። ጸበሉ ተወኝ፣ እግዜርም ተወኝ አልሁ። ይህን ያልሁበት ቀን ከቀኖቼ ሁሉ የከፋው ነው። ዛሬ ጸበሉን የሚያማ ሰው ቢመጣ እጣላዋለሁ። እግዚአብሔር ውኃውንም እግሬንም ሰጥቶኝ ነበር፤ እኛ እግሬን ቀነስንበት።

ከሥራዬ ተሰናበትሁ። መባረሬ አላግባብ አልነበረም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንባዬ ሲወርድ ደንበኛ ይሸሻል። የመደብሩ ባለቤት በመልካም ቃል ነው የሸኘኝ፤ ሂድ፣ እረፍ አለኝ።

አረፍሁ። አራት ወር አልጋ ላይ ነበርሁ። ሽንቴ ካልመጣ አልነሣም፤ እሱንም ሲጠና ነው። እናኑ ብርሃን እንዳይረብሸኝ ብላ አልጋውን ከመስኮቱ አርቃ አዞረችው። ጠያቂ ሲመጣ በሹክሹክታ ያወራሉ። ምላሳቸው ላይ ያለችው አንዲት ቃል ናት። እረፍ። ብዙ ደክመሃል፣ እረፍ። ሾርባ ጠጣና ተኛ። እህቴ አለሚቱ ከዳባት በታች ካለው ቤቷ በሰው በሰው ማር ላከችልኝ፤ አደራ ከአልጋ እንዳይነሣ ብላለች አሉኝ። እኔ ማሩን ሳልቀምስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። እዚያ ተኝቼ የማስበው አንድ ሐሳብ ነበር። ብሞት ማን ያለቅሳል? እያንዳንዱን በየስሙ እያነሣሁ አሰብሁ። ይገላገላሉ እንጂ የሚያለቅስ የለም ብዬ ደመደምሁ። ይህ ሐሳብ የራሴ መስሎኝ ነበር። የበሽታው መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

በቅሎዎቹን ስሸጥ መጫኛዬን አልሸጥሁትም ነበር። መጫኛ ጭነት የሚታሰርበት ረጅም ጠፍር ነው፤ ከበሬ ቆዳ በእጄ ያለፋሁት። ከአልጋዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በሚስማር ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ቀና ስል ሚስማሩ ባዶ ነው።

"መጫኛዬስ?" አልኋት እናኑን።

ሳህን እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም። "ለአያ ሞላ ላክሁት።"

"ምነው?"

"በጣም ስለምታየው።"

ሳህኑን ደጋግማ አጠበችው። ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም ያልሁትን ነገር ሴትዮዋ ከኔ ቀድማ አውቃው፣ ዝም ብላ ስትጠብቀኝ ከርማለች። በዚያች ሰዓት አፈርሁ። ማፈሬም ሌላ ሸክም ሆነብኝ።

አያ ሞላ ጭነት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሰባን አልፈዋል። ደባርቅ ላይ መጫኛው ሲደርሳቸው ቃል ሳይላክባቸው ገብቷቸዋል። በሳምንቱ መኪና ተሳፍረው ደጃችን ቆሙ፤ በእጃቸው ፌስታል አለ። ሰላምታ የለ፣ እግዜር ይማርህ የለ፤ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈቱት።

"ተነሥ" አሉኝ።

"አሞኛል አያ ሞላ።"

"እሱንማ አየሁት። ሆዱን የቆረጠው በቅሎ ሊተኛ ሲል ምን እናደርጋለን?"

መልሱን ጫኝ ሁሉ ያውቀዋል። በቅሎ ቁርጠት ሲይዘው መተኛትና መንከባለል ይፈልጋል፤ ከተዉት አንጀቱ ተጠምዝዞ ይሞታል። ስለዚህ ጫኝ አያስተኛውም። ይጎትተዋል። ይገፋዋል። እያላበው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እየለመነህ እንኳ ታስኬደዋለህ። እኔ ራሴ በውርጭ ላይ እስኪነጋ በቅሎ ጎትቼ አድኛለሁ።

"ተናገራ።"

"እንጎትተዋለን" አልሁ።

"ታዲያ አንተን ማን አስተኛህ?"

ከፌስታሉ መጫኛውን አወጡና አልጋው ላይ ወረወሩት። እናኑ ዘላ ያዘችው። አያ ሞላ ወደ እሷ ዞሩና፣ አንቺ ደግሞ በደግነትሽ ልትጨርሺው ነበር አሏት። ይኼን ጊዜ በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ንዴት። "እሷን አይንኩብኝ" ብዬ ቆምሁ። መቆሜን ያወቅሁት የወለሉ ቅዝቃዜ እግሬን ሲነካኝ ነው። አያ ሞላ ጥርሳቸውን ሳይገልጡ ሳቁ። "በል እንግዲህ፣ ከቆምህ አይቀር" አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን እስከ መንደሩ ጥግ ሄድን። እዚያ ተቀምጬ እምቢ አልሁ። ሰደብኋቸው። የሽማግሌ ስድብ ምን እንደሆነ ያን ዕለት እሳቸውም አሳዩኝ። በማግሥቱ እስከ ድልድዩ ሄድን። ስምንት ቀን እኛ ዘንድ ከረሙ። በስድስተኛው ቀን፣ ይህ በእኔ ብቻ የሚሆን አይደለም፣ የጭንቅላት ሐኪም ያስፈልግሃል አሉ።

"እብድ ነው ሊሉኝ?" አልሁ።

"እብድ ብትሆን ይሻልህ ነበር። እብድ ቢያንስ ይዞራል።"

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚል ጽሑፍ ካለበት በር ላይ ስደርስ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብሁ። እዚያ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንደኔ ተከናንቧል። አንዱ አንዱን አያይም። አንድ ሙሉ አግዳሚ ወንበር የተሸፈነ ሰው። እያንዳንዳችን ሌሎቹ ያበዱ፣ እኛ ብቻ በስሕተት የመጣን መስሎን ይሆናል።

የገባሁት አንዲት ነርስ ዘንድ ነው፤ ሲስተር ይሏታል፣ ልጄን ታክላለች። ስልክ አልነካካችም። ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ይነቃሉ? በፊት ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አሁን ደስ ይልዎታል? ማንበብ፣ ማስታወስ እንዴት ነው? ቀጥላ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ "ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"አዎ" አልሁ።

ሰማዩ አልተደረመሰም። እሷም አልደነገጠች። ጻፈችው። ከዚያ እናኑን አስጠርታ ቤት ውስጥ ምን ምን መቀመጥ እንደሌለበት ነገረቻት። እናኑ፣ መጫኛውን ቀድሜ ከቤት አውጥቼው ነበር አለቻት። ሲስተሯ ብዕሯን አስቀመጠችና፣ "እርስዎ ነዎት ያዳኗቸው" አለቻት። ይህን ሌላ ሰው ነግሯት አያውቅም ነበር።

የበሽታዬ ስም ድባቴ ነው። ሲስተሯ እንደ ነገረችኝ እጽፈዋለሁ። አእምሮ እንደ ጉበት፣ እንደ ኩላሊት የሰውነት ክፍል ነው፤ ይታመማል። ሲታመም እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ደስታን፣ ማስታወስን ያበላሻል፤ ደግሞም ይዋሻል፤ ማንም አይፈልግህም ይልሃል። ኪኒን አዘዘችልኝ፤ ለውጡ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ እንዳልቆርጥ አስጠነቀቀችኝ። ከኪኒኑ ጋር ሌላ ትእዛዝ አለች። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ ወይም ሶምሶማ። ልብ በደንብ ሲመታ ደም ወደ አእምሮም በደንብ ይሄዳል፣ ስሜትን የሚያነሣውን ነገር ሰውነት ራሱ ይሠራል፣ እንቅልፍ ይስተካከላል፣ ማስታወስም ይረዳል አለችኝ። መጠኑን እንዴት አውቃለሁ ብላት፣ "እየሄዱ መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው" አለችኝ። እኔ አልዘፍንም፤ በቅሎ የማዝበትን ፉጨት መለኪያ አደረግሁት። መናገር ከቻልሁ፣ ማፏጨት ካቃተኝ፣ ልክ ነው።

ከዚያ ምን ሥራ ነበረዎት ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ከመቼ ጀምሮ ተቀመጡ አለችኝ። ያንንም ነገርኋት። ወረቀቱን ጽፋ ስትሰጠኝ ነው የገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እየረገምሁ ስወስደው የኖርሁትን መድኃኒት ነበር ያዘዘችልኝ። መድኃኒቱ የተቋረጠብኝ መንገዱ ሲዘጋ ነው። ሌላ ችግር አልነበረብህም ወይ የሚለኝ አለ፤ ነበረብኝ። በቅሎዎቼን ማጣቴ፣ አገሬን መልቀቄ፣ የአገሩ ሁኔታ፤ ይህ ሁሉ አለ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ተሸክሜ ወንበር ላይ ተቀመጥሁበት።

አያ ሞላ ሲሄዱ መጫኛውን መልሰው ያዙት። "በቅሎ ስትገዛ መጥተህ ትወስደዋለህ" አሉኝ።

አሁን ብቻዬን ነኝ። የሃምሳ ዓመት ሰው በከተማ መሀል መሮጥ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሸራ ጫማ አድርጌ፣ ጋቢዬን ቤት ትቼ፣ ከቀሐ ተነሥቼ በጥምቀተ ባሕሩ አጥር ጎን ሶምሶማ እላለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ በየተራ ይቀበሉኛል። አባት፣ ምን አመለጠዎት? አባት፣ ይግቡ፣ እስከ ሌባው ድረስ በነጻ! አንዱ አጠገቤ ቀስ ብሎ እየነዳ፣ በፊት መብራቱ መንገድ እየመራኝ፣ ሙሽራ እንደሚያጅብ ጥሩንባ ነፋልኝ። አንድ ማለዳ ደግሞ የታጠቁ ሰዎች ቁም አሉኝ። በዚህ ዘመን የሚሮጥ ሰው ወይ አሳዳጅ ነው ወይ ተሳዳጅ። እጄን አንሥቼ ቆምሁ። የሆስፒታሉን ወረቀት አሳየኋቸው። አንዱ አንብቦ ለሌላው፣ ራሱን ነው የሚያመው አለው። ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲበዛ ነው የምወጣ፤ ወረቀቷም ከኪሴ አትለይም።

ሦስት ሳምንት ምንም የለም። ሄድሁ፣ ላበኝ፣ ተመለስሁ፣ ማለዳ ያው መጅ ደረቴ ላይ አለ። ውሸታሞች አልሁ። እናኑ ግን ጫማዬን በር ላይ አስቀምጣ ጠዋት ጠዋት በሩን ትከፍታለች፤ ሂድ አትለኝም። ክፍት በርን መዝጋት ከመሄድ ይከብዳል።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ ወጥቷል፣ እናኑ መዳፏን አፍንጫዬ ላይ አድርጋለች። ሞቶ እንደሆነ ብላ ነው። ተኝቼ ነበር። ዝም ብዬ ተኝቼ ነበር። በዚያ ሳምንት ራበኝ። ሌላ ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ያቺን የሆስፒታል ወረቀት ከኪሴ ሳወጣ አንብቤያት ጨረስሁ። አንብቤ መጨረሴን ያወቅሁት ካጠፍኋት በኋላ ነው። ተመልሼ ዘረጋኋት። ሁሉም ገብቶኛል። መንገድ ላይ ቆሜ ደገምኋት።

ዳንሁ ብዬ ደግሞ ጠገብሁ። ዐቢይ ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማልቀምስ ሰው ነኝ፤ እንግዲህ ኪኒን በጠዋት ምን ያደርጋል ብዬ ተውሁት። በባዶ ሆድ አልሮጥም ብዬ ጫማውንም ተውሁ። የጠየቅሁት የለም፤ ራሴን ካህንም ሐኪምም አደረግሁ። ሁዳዴ ሳይጋመስ መጁ ደረቴ ላይ ተመለሰ፣ ያ ሐሳብም ከነስሞቹ ተመለሰ። እናኑ በክንዴ ይዛ ሲስተሯ ዘንድ ወሰደችኝ። ሲስተሯ ከዚያ ቀን በፊት ስትቆጣ አላየኋትም። ሩጫው ኪኒኑን አይተካም፣ ኪኒኑም ሩጫውን አይተካም፣ ማቆም ቢፈልጉ ከእኔ ጋር ነው አለችኝ። የነፍስ አባቴም ቢጠየቁ ኖሮ መድኃኒት ጾም አይገድፍም ይሉኝ ነበር፤ ብለውኛልም፣ ዘግይቼ ስጠይቃቸው። ከዜሮ ጀመርሁ። ይህን የምታነብ ሰው፣ ይህን አንዱን እንኳ ከእኔ ተማር።

ከፋሲካ በኋላ እህቴን ልይ ብዬ ተነሣሁ። ስልክ ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል። ወሬ የምትሰማው በሰው በሰው ነው፤ እሷ ዘንድ የደረሰው የመጨረሻ ወሬ አልጋ ላይ ከውኃ በቀር የማይቀምስ መሆኔ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ከመኪና ወረድሁ። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ትልቅ ጽድ አለ፣ ከጽዱ ወዲያ ረጅም ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ የእሷ ደጅ። ሁለት ቀን መኪና ስጠብቅ አልሮጥሁም ነበር። ቁልቁለቱን ሳይ እግሬ በላኝ። አገሩ የራሴ፣ ባጃጅ የለ፣ ቁም የሚል የለ። ሮጥሁ።

የረሳሁት አንድ ነገር ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ወደ ሰው ቤት አይሮጥም። የሮጠ እንደሆነ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል።

ግማሽ ቁልቁለት ላይ ስደርስ ከታች ዋይታ ሰማሁ። የአለሚቱ ድምፅ ነው። ባሏ ሞቷል አልሁ። ባሰብኝ፤ በሙሉ ጉልበቴ ሮጥሁ። እኔ በፈጠንሁ ቁጥር ዋይታው ይብሳል። ጎረቤት ከየቤቱ ይወጣል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወደ ደጇ ይሰበሰባሉ። ስደርስ ሰው ከቧታል፣ እሷ በግንባሯ መሬት ላይ ተደፍታለች። ባሏ ከአጠገቧ ቆሟል፤ በሕይወት አለ። ስትል የሰማሁት ስም የእኔ ነው።

መኳንንቴን ትላለች። ጭነት ሲያዘነብል በትከሻው የሚያቀናውን፣ ዳገት የማይመልሰውን፣ ሲያመኝ ከደባርቅ በሌሊት የደረሰልኝን። ማሬን ሳይቀምስልኝ ትላለች።

እውነቱን ልጻፍ፤ ወዲያው አልተናገርሁም። ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። አልጋ ላይ ተኝቼ እያንዳንዱን በስሙ ሳስብ ይህችን ሴት ከማያለቅሱት ጋር መድቤያት ነበር።

"አለሚቱ" አልሁ። "እኔ ነኝ።"

ቀና አለች። ፊቷ ላይ አፈር አለ። ተነሥታ መጥታ ደረቴን በቡጢ መታችኝ፤ አንዴ አይደለም።

"ታዲያ ምን ያስሮጥሃል!"

"ሐኪም አዝዞልኝ ነው።"

አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ ምን ዓይነት ሐኪም ነው ሰው የሚያስለቅስ አሉ። ሰው ሳቀ። ለለቅሶ የመጣ ሕዝብ ነጠላውን እያቃና ሳቀ። አለሚቱ ግን አልሳቀችም፤ ደረቴ ላይ ግንባሯን አድርጋ እንደገና አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ወንበር ላይ ሲወርድ እንደነበረው እንባ አልነበረም፤ ያ ምን እንደሆነ ሳላውቀው የሚወርድ ነበር። ይህን ግን ለማን እንደማለቅሰው አውቀዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ወራት በኋላ ነው። በሽታው ጎረቤቴ ነው፤ ዛሬ ማለዳም መጥቶ ነበር። ደረቴ ላይ ተቀመጠና ያንን የቆየ ጥያቄውን ጠየቀኝ፤ ብትሞት ማን ያለቅሳል? አሁን የምመልስለት አለኝ። ጫማዬን አሠርሁና ወጣሁ። መናገር ሳያቅተኝ፣ ማፏጨት እስኪያቅተኝ።

ወደ አለሚቱ ቤት ስሄድ ደግሞ እስከ ጽዱ ድረስ እሮጣለሁ። ጽዱ ሥር ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ፣ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት፣ ከደጇ የሚታየውን፣ ቀስ ብዬ በእርምጃ እወርደዋለሁ። አንድ ጊዜ አልቅሳልኛለች፤ ይበቃታል።